ኮምጣጤው ያልደረሰበት

ድዳችን ሲያብጥና ሲደማ ብዙዎቻችን የምንሮጠው ወደ ጥርስ ሐኪም ሳይሆን ወደ መድኃኒት ቤት ነው። አሞክሳሲሊን እንውጣለን፤ ለጥቂት ቀን ሻል ይለናል፤ ከዚያ ያው በሽታው ይመለሳል። ለምን ይሆን? መልሱ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1683 ዴልፍት በምትባል የሆላንድ ከተማ የሚኖረው የጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሉዌንሁክ ከጥርሱ መሃል ያወጣውን ነጭ ቆሻሻ ራሱ በሠራው ማይክሮስኮፕ አየው። ጥቃቅን ነፍሳት ይርመሰመሱበት ነበር። ኮምጣጤ ሲቀላቅልባቸው ሞቱ። አፉን በኮምጣጤ ሲጉመጠመጥ ግን የሞቱት ከላይ ያሉት ብቻ ሆኑ፤ ኮምጣጤው ወደ ቆሻሻው ውስጥ አልዘለቀም። ይህንኑ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጻፈ።

አሁን ወደ ፀረ ባክቴሪያ ዘመን እንምጣ። በ1962 ሺን የተባለ ተመራማሪ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ አስገራሚ ነገር አሳወቀ። ለብልት ኢንፌክሽን ሜትሮኒዳዞል የወሰደች ሴት የቆሰለ ድዷም አብሮ ዳነላት። ሜትሮኒዳዞል ማለት እኛ ለአሜባና ለጃርዲያ የምንውጠው ፍላጅል ነው። በ1989 ደግሞ የሆላንድ ተመራማሪዎች ሜትሮኒዳዞልንና አሞክሳሲሊንን አጣምረው በመስጠት በከባድ የድድ በሽታ የሚታወቀውን አንድ እልኸኛ ባክቴሪያ ከታማሚዎቹ ድድ ሥር ማጥፋት ቻሉ።

ልብ በሉ! መድኃኒቱ ብቻውን አልተሰጠም። የታማሚዎቹ ጥርስ ከድድ በታች ጭምር ተፍቆ ጸድቷል። ምክንያቱ ሉዌንሁክ ያየው ነው፤ ባክቴሪያዎቹ ተጣብቀው በሠሩት ሽፋን ውስጥ ስለሚሸሸጉ መድኃኒቱ እንደ ልቡ አይደርስባቸውም። መጀመሪያ ምሽጉ መፍረስ አለበት።

የአውሮፓ የድድ ሐኪሞች ፌዴሬሽን በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ከእጥበቱ ጋር የሚዋጥ ፀረ ባክቴሪያ ለሁሉም ታማሚ በዘልማድ እንዳይሰጥ መክሯል። ሊታሰብ የሚችለው ለተወሰኑ ሰዎች፣ ለምሳሌ በሽታው በወጣትነታቸው አፋቸውን ሁሉ ላዳረሰባቸው ነው። ፍርሃቱ መድኃኒቱን የተላመዱ ባክቴሪያዎች እንዳይበዙ ነው።

እኛ ግን የተገላቢጦሽ ይዘነዋል፤ እጥበቱን ትተን ክኒኑን እንውጣለን። ድዳችን በዚህ አይድንም፤ ውስጥ ውስጡን ጥርስ የተከለበት አጥንት ያልቃል፣ ጥርስም ይነቃነቃል። ነገ ሳንባችን ሲታመም የምንፈልገው ያው አሞክሳሲሊን ደግሞ እምቢ ሊለን ይችላል። ስለዚህ ድዳችሁ ሲደማ መጀመሪያ የጥርስ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ታጠቡ። ክኒን ካስፈለገ እሱ ይዘዝላችሁ።