አዲስ ዜማ በእግሩ ሲመጣ

ሸክላና ካሴት መንዝ ሳይደርሱ አዲስ ዜማ ወደ ሰው ደጅ የሚመጣው በእግሩ ነበር። ላሊበሎች ጎህ ሳይቀድ ከደጃፍ ቆመው ያዜማሉ፤ ምጽዋት ሲሰጣቸው መርቀው ወደ ቀጣዩ ቤት ያልፋሉ። አዝማሪው ደግሞ በሠርግ የፈረስ ጭራ የተወጠረበትን ማሲንቆ እየገዘገዘ፣ አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ የሰጠውን ግጥም በዜማ ይመልሳል። አድማጩ አዲሱን ዘፈን ማግኘት ብቻ ሳይሆን አብሮ ይሠራው ነበር።

«አዝማሪ የመኳንንት ነበር» የሚል ይኖራል። መኳንንቱ አዝማሪ ማኖራቸው እውነት ነው፤ ሠርጉ ግን የባላገሩም ነበር። «ሸክላ አድማሱን አሰፋው» ቢባልም ልክ ነው፤ በ1969 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው አምሃ ሪከርድስ የአዲስ አበባን ድምፅ ሩቅ አድርሷል። ሸክላ ግን ግጥም አይቀበልም። አዲስ ሙዚቃ የሚሹ ሁሉ አዝማሪ ካለበት ይሂዱ፤ ግጥምም ይስጡ።