የሕፃናት ሳንባ ነቀርሳና የአንድ አሮጌ መድኃኒት ታሪክ

የሳንባ ነቀርሳን ክፋት የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብለን አንገምትም። ነገር ግን በሽታው ሕፃንን ሲይዝ እንደሚሠወር ብዙዎቻችን አላስተዋልንም። ዐዋቂው በሽተኛ አክታውን ይተፋል፤ አክታውም ተመርምሮ ተሐዋሲው ይገኝበታል። ሕፃኑ ግን አክታውን ይውጠዋል፤ በውስጡ ያለውም ተሐዋሲ ጥቂት ነው። በዚህ ላይ ኤች.አይ.ቪ. በደሙ ያለ እንደ ሆነ፣ የሰውነቱ የመከላከል ኀይል ስለሚደክም፣ በቆዳ ላይ የሚደረገው የቱበርኩሊን ምርመራ እንኳ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም። ስለዚህ ሐኪሙ በቤት ውስጥ የሚያስለው ዐዋቂ ማን እንደ ሆነ ለመጠየቅ ይገደዳል።

እንዲህ ለተሠወረ ጠላት ከሕክምናው ይልቅ መከላከሉ ይቀድማል። የፈረንሳይ ሊቃውንት ካልሜትና ጌራን ያዘጋጁት የቢ.ሲ.ጂ. ክትባት በፓሪስ ለአንድ ሕፃን መጀመሪያ የተሰጠው በ1921 ዓ.ም. ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። ይሁን እንጂ በክትባቱ ያለው ተሐዋሲ የደከመ እንጂ የሞተ አይደለም። ኤች.አይ.ቪ. ባለበት ሕፃን ሰውነት ውስጥ ይኸው የደከመው ተሐዋሲ ተባዝቶ በሽታ ሊሆን መቻሉ ስለ ታወቀ፣ የዓለም የጤና ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ቫይረሱ እንዳለባቸው ለተረጋገጠ ሕፃናት ክትባቱ እንዳይሰጥ መከረ። በ2018 ዓ.ም. ግን የቫይረሱን መድኃኒት እየወሰዱ ጤናቸው ለጸና ሕፃናት ሊሰጥ እንደሚችል አመለከተ።

ሁለተኛው መከላከያ አይሶኒያዚድ የተባለው ክኒን ነው። በ1912 ዓ.ም. በፕራግ ቢቀመምም፣ ነቀርሳን መግደሉ የታወቀው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ አርባ ዓመት ያኽል ዋጋው ሳይታወቅ ኖረ ማለት ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአላስካ ለጤነኞች እየሰጠ የመከላከል ኀይሉን የመረመረው ሐኪም ጆርጅ ኮምስቶክ፣ ኋላ ራሱም ከነቤተ ሰቡ ክኒኑን ዋጠ። ለሌላው ያዘዘውን ራሱ የሚቀምስ ሐኪም መገኘቱ ደስ ያሰኘናል።

ኤች.አይ.ቪ. ከመጣ በኋላም በ1990ዎቹ ዓመታት በሄይቲና በዑጋንዳ ለዐዋቂዎች ተሞክሮ ጠቀመ። የሕፃናቱ ጕዳይ ግን ከዚያም በኋላ ቈየ፤ እኛ እንደሚመስለን፣ ሕፃን ስለ ራሱ አቤት የሚልበት አንደበት ስለሌለው ነው። በደቡብ አፍሪቃ በኬፕ ታውን ጥናቱ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነበር። ቫይረሱ ያለባቸው 263 ሕፃናት በሁለት ተከፍለው፣ ለእኩሌቶቹ አይሶኒያዚድ፣ ለእኩሌቶቹ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ተሰጠ። የቫይረሱን መድኃኒት ያገኙት በዚያን ጊዜ ጥቂቶች ነበሩ። በግንቦት 2004 ዓ.ም. ውጤቱ ሲታይ፣ አይሶኒያዚድ ከወሰዱት 11፣ ካልወሰዱት 21 ሞተው ተገኙ። ወዲያውም ባዶው ክኒን እንዲቀር ተደረገ። ቍጥሩን ስናነብ ልባችን ታውኳል፤ ነገር ግን ያ ጥናት ባይደረግ ጥቅሙ በርግጥ አይታወቅም ነበር።

ነገሩም በዚህ አላበቃም። በደቡብ አፍሪቃና በቦትስዋና የ3ና የ4 ወር ሕፃናት የተመረመሩበትና በ2011 ዓ.ም. የታተመው ጥናት የክኒኑን ጥቅም ሳያሳይ ቀረ። እነዚህ ሕፃናት ከነቀርሳ በሽተኛ ጋራ መገናኘታቸው ያልታወቀ ነበር፤ ቫይረሱ ካለባቸውም ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ቍጥር የቫይረሱን መድኃኒት አግኝተዋል። በዚያው ዓመት የዓለም የጤና ድርጅት ቫይረሱ ኖሮባቸው ከ12 ወር በላይ ለሆኑና ነቀርሳ ለማይታይባቸው ሕፃናት ክኒኑ ለ6 ወር እንዲሰጥ መከረ፤ ከዚያ በታች ላሉት ግን በአጠገባቸው የነቀርሳ በሽተኛ መኖሩ ሲታወቅና እነርሱ ራሳቸው አለመታመማቸው ሲረጋገጥ ብቻ ነው።