ሌሊት 9 ሰዓት የጮኸው የአባቴ ላዳ

ዛሬ ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ያዙና አንብቡት።

ባለፈው ክረምት ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ኮልፌ ግቢያችን ውስጥ የቆመችው የአባቴ ላዳ ታክሲ ብቻዋን መጮህ ጀመረች። ሞተሯ ጠፍቷል፣ ቁልፉ አባቴ ራስጌ ነው፣ ውስጧ ሰው የለም። ክላክሷ ግን አንዴ ጀምሮ አላቆም አለ። አባቴ በባዶ እግሩ ወጥቶ መሪውን ደበደበ፣ አልሆነም። በመጨረሻ በስልክ መብራት ከዳሽቦርዱ ስር አጎንብሶ ፊውዞቹን አንድ በአንድ መንቀል ያዘ። አንዷን ሲነቅል ጸጥ አለች። ተመስገን ብለን ልንተኛ ስንል በር ተንኳኳ። ጎረቤታችን እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፣ ከኋላቸው ሌሎች ሦስት ሰዎች። «ማን ነው?» አሉ። ማን ሞተ ማለታቸው ነው።

ያን ሌሊት ስቀናል። በኋላ ሳስበው ግን እትዬ ልክ ነበሩ። በእኛ ከተማ በዚያ ሰዓት የሚጮህ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ የእድር ጡሩምባ። ጎህ ሳይቀድ ጡሩምባ ነፊው በየመንደሩ እየዞረ የሟቹን ስም ይጠራል፣ የሰማ ይነሳል። አሁን አሁን መርዶው በስልክ መልእክትም ይመጣል፣ የእትዬ ጆሮ ግን የተማረው በጡሩምባ ነው። ለመኪናም የሰጠነው ይሄንኑ ቃል መሆኑ ይገርማል። ዛሬም ብዙ ሰው «ጡሩምባ አሰማ» ነው የሚለው እንጂ ሁሉም ክላክስ አይልም።

በዚያ ዘመን ደግሞ የመኪናው ጩኸት ከስሙ ብዙም አይርቅም። መኪና አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ባቡሩ ገና ድሬዳዋ ላይ በነበረበት ጊዜ ቤዴ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ በረሃውን አቋርጦ ሲድሌይ የምትባል መኪና ለዳግማዊ ምኒልክ ይዞ መጣ። ያኔ መኪኖች የሚገጠምላቸው የነሐስ ጡሩምባ ነበር፣ ጫፉ ላይ የጎማ ኳስ ያለው። ኳሱን ጨመቅ ሲያደርጉት አየሩ ወጥቶ ይነፋል። ሽቦ የለው፣ ፊውዝ የለው። ቢበላሽ ጎማው ተቀዶ ነው፣ ጥገናውም ጎማውን መለጠፍ።

ኤሌክትሪኩ የመጣው ወዲያው ነው። ሚለር ሪስ ሀቺሰን የሚባል አሜሪካዊ፣ መስማት ለተሳናቸው የኤሌክትሪክ ማዳመጫ የሠራ ሰው፣ የመኪና መጮኺያም ፈለሰፈ። (ሰውን አደንቁሮ ማዳመጫውን ሊሸጥ ነው ተብሎ ተቀልዶበታል።) በትንሽ ሞተር የሚዞር ጥርስ ያለው ክብ ብረት ስስ ዝርግ ብረትን እየመታ ያስጮኻል። እ.ኤ.አ. በ1908 ለገበያ ሲቀርብ «ክላክሶን» ተባለ፣ መጮህ ከሚል የግሪክ ቃል ተወስዶ። የአንድ ፋብሪካ የንግድ ስም ነበር፤ ዓለም ሁሉ ግን የማንኛውም መኪና ጩኸት መጠሪያ አደረገው። ጣሊያኖችም ተቀበሉት፣ ወደ እኛም በእነሱ በኩል ሳይመጣ አይቀርም፤ «ክላክስ» ብለን አሳጠርነው።

በጣሊያን በኩል የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ማንኛውም ጋራዥ ገብታችሁ ጆሮ ስጡ፦ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ። ጣሊያን አዲስ አበባን ይዞ የቆየው አምስት ዓመት ነው፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.። ወራሪው ወጣ፣ ጋራዡ ውስጥ ያለው ቋንቋ ቀረ። ከጦርነቱ በኋላም እዚህ የቀሩ ጣሊያናውያን መካኒኮች ጋር የሠሩ ልጆች ሙያውን ከነስሙ ወሰዱት፣ እነሱም ለሌላው አስተማሩት።

ላዳ ደግሞ የዚሁ ታሪክ ቅጥያ ናት። ሰው የሩሲያ መኪና ይላታል፣ አጥንቷ ግን ጣሊያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ፊያት ከሶቪየት ኅብረት ጋር ተስማምቶ ፊያት 124 የምትባለዋን መኪና ቮልጋ ዳር በቶሊያቲ ከተማ እንድትመረት አደረገ። ከተማዋ ራሷ የተሰየመችው በጣሊያናዊው ኮሚኒስት መሪ በቶሊያቲ ነው። በ1970 ማምረት ሲጀመር ለመጥፎ መንገድ እንድትሆን ብዙ ነገሯ ተቀይሯል፤ ለምሳሌ የኋላው ዲስክ ፍሬን ቀርቶ ታምቡር ተደርጓል። በደርግ ጊዜ ወደ እኛ ስትመጣ፣ በንጉሡ ዘመን ሰይቼንቶ ታክሲ ሲጠግን የኖረ መካኒክ ኮፋኖዋን ከፍቶ አላፈጠጠም። የሚያውቀውን ነገር ነው ያገኘው። እኔ ላዳ እዚህ አገር ይህን ያህል ዕድሜ ያገኘችው በብረቷ ጥንካሬ ብቻ ነው የሚለውን አልቀበልም፤ የሚጠግናት ሰው ቀድሟት ስለነበረ ነው።

ወደ ሌሊቱ ልመለስ። አባቴ ፊውዟን ነቅሎ ኪሱ ከተተና ሥራውን ቀጠለ። ክላክስ የለውም፤ በቃ መስኮት ከፍቶ በር እየደበደበ፣ እያፏጨ ነው የሚሄደው። የውስጥ መብራቷም አልበራ ብላለች፣ «አምፖሉ ተቃጥሎ ነው» ብሎ ተወው። ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን አጣና ተራ ጋ እንጨት የጫነ ጋሪ ፊቱ ሲገባበት ፍሬን ያዘ። ከኋላው የሚመጣው ሚኒባስ ጎማው እስኪጮህ ፍሬን ረግጦ፣ ለጥቂት ነው የዳኑት። ሾፌሩ ወርዶ መጣ፦ «ፋዘር፣ ፍሬን ስትይዝ መብራት የለህም እኮ! ልታስጨርሰን ነው?» ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሞልቶ ነበር። አባቴ ያን ቀን ምሳውን አልበላም።

በማግስቱ ሰፈራችን ያለ አንድ ኤሌክትሪሺያን ጋ ሄድን። ሽማግሌ ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ክላክሱን አልነኩም፤ «አንተ ልጅ፣ ፍሬን ርገጥ» አሉኝና ወደ ኋላ ዞረው አዩ። «ውስጥ መብራቱስ?» አባቴ አምፖሉ መቃጠሉን ነገራቸው። «አምፖሎች ተማክረው ባንድ ሌሊት አይቃጠሉም» አሉና እጃቸውን ዘረጉ፣ «አምጣት»። አባቴ ፊውዟን ከኪሱ አወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእነዚህ የድሮ ላዳዎች ላይ ክላክሱ፣ የፍሬን መብራቱና የውስጥ መብራቱ የሚያልፉት በአንድ ፊውዝ ነው። ፊውዟም ቁልፍ ቢነቀልም ሁልጊዜ ከባትሪ መብራት ታገኛለች፤ ለዚህ ነው ሌሊት ቆማ መጮህ የቻለችው። አባቴ ጎረቤት ላለመቀስቀስ የነቀላት ያቺ ትንሽ ነገር የፍሬን መብራቱንም ይዛ ሄዳለች። አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ ክላክስ እምቢ ሲላችሁ መጀመሪያ ሰው ከኋላ አቁማችሁ ፍሬን ርገጡ። ፊውዟ ያልተቃጠለች ብትመስልም ጫፎቿና መቀመጫዋ ዝገው መብራት የማያሳልፉበት ጊዜ አለ፤ በብርጭቆ ወረቀት ጠረግ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ደግሞ በፊውዝ ፋንታ ሽቦ የምትጠመጥሙ፣ እባካችሁ፣ እሳት ነው የምትጋብዙት።

ጋሼ ፊውዟን ሲመልሷት ክላክሱ እንደገና ጩኸቱን ለቀቀው። ፊት ሄደው ሽቦዎቹን ከክላክሶቹ ላይ ነቀሉ፣ ዝም አለ፤ የፍሬን መብራቱም በራ። ከዚያ አንዱን ክላክስ ፈትተው በቀጥታ ባትሪው ላይ ሞከሩት። ጥርት ብሎ ጮኸ። የዛሬው ክላክስ እንደ ሀቺሰን ሞተር የለውም፤ ማግኔት ዝርጉን ብረት ይስባል፣ ሲስበው መብራቱ ራሱ ይቋረጣል፣ ብረቱ ይመለሳል፣ መብራቱ ይገናኛል፤ ይሄ በሰከንድ በመቶዎች ጊዜ ይደጋገማል። ስትነኩት «ጥ» ብቻ ብሎ ዝም የሚል ከሆነ በሽታው እዚያው ክላክሱ ውስጥ ነው፣ ብዙዎቹም ከኋላ በኩል ማስተካከያ ብሎን አላቸው። ጭራሽ «ጥ» እንኳ ካላለ ግን ክላክስ ለመግዛት ሶማሌ ተራ አትሩጡ፣ መብራቱ አልደረሰው ይሆናል።

የእኛው ግን ጤነኛ ነው። «እንግዲህ መሪው ነው» አሉ ጋሼ። ብዙ ሰው የክላክስ ቁልፍ ስንጫን መብራት የምንልክ ይመስለዋል፤ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ተቃራኒው ነው። መብራቱ ቀድሞ ደርሶ እየጠበቀ ነው፣ ቁልፉ የሚሰጠው ማሳውን ነው፣ ማለትም ሽቦውን ከመኪናው ብረት ጋር ያገናኛል። በመሪው ውስጥ አንድ ቀጭን ሽቦ ብቻ እንዲያልፍ ተብሎ የተሠራ ቁጠባ ነው። ግን ያ ሽቦ ልባሱ ተልጦ ብረት ከነካ፣ መኪናዋ እጅ የተጫናት ይመስላታል። የመሪውን ሽፋን ሲከፍቱት ይኸው፣ የጥፍር ያህል ቦታ ተልጦ ብረቱ ላይ ተኝቷል። አባቴ ያን ማታ ግድግዳው ጥግ ለመቆም መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሮት ነበር።

ናስትሮ ጠቀለሉበት፣ ሽቦውን ከብረቱ አራቁት፣ ሽፋኑን መለሱ። ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የጠየቁን ገንዘብ አባቴን ስላሳፈረው ጨምሮ ሰጣቸው።

ስንወጣ አባቴ ሁለቴ አስጮኻት። አሁን የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ መንገዱን ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች እየሞሉት ነው፣ ላዳዎቹም አንድ በአንድ እየጠፉ። አባቴ ግን ገና አልሸጣትም። ማታ ሲያቆማት መሪውን ቀጥ ያደርጋል፣ ከዚያ እኔን ከኋላ አቁሞ ፍሬን ይረግጣል። «በራ?» ይላል። «በራ» እላለሁ። እትዬ ደግሞ ባለፈው ሲያገኙኝ «ያቺ መኪናችሁ ደህና አደረች?» አሉኝ።