ጠብቆ ነው ላልቶ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ የአማርኛ ረዳት መምህር ሆኜ ስሄድ ሻንጣዬ ከባድ፣ ሐሳቤ ግን ቀላል ነበር። የማስተምረው አፌን የፈታሁበትን ቋንቋ ነው። እናቴ ያለ ደብተርና ያለ ጠመኔ ያስተማረችኝን እኔ በሰሌዳ ላይ ማስተማር እንዴት ያቅተኛል? እንዲህ ብዬ ነበር የሄድኩት።

ከትምህርቱ በፊት የኑሮው ፈተና ቀደመ። ደመወዝ ለመቀበል የባንክ ሒሳብ ያስፈልጋል፤ ሒሳብ ለመክፈት የተመዘገበ አድራሻ ያስፈልጋል፤ አድራሻ ለማስመዝገብ የቤት ውል ያስፈልጋል፤ ቤት አከራዩ ደግሞ ደመወዝ እንዳለኝ የሚያሳይ ወረቀት አምጣ ይላል። በዚህ ቀለበት ውስጥ ስዞር ሦስት ሳምንት አለፈ። በዚያ ከተማ እሑድ ሱቅ ሁሉ ዝግ መሆኑን ያወቅሁትም በመጀመሪያው እሑድ የሚላስ የሚቀመስ አጥቼ በዋልኩ ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ክፍል ውስጥ የጠበቁኝ ሰባት ተማሪዎች ነበሩ። አንዷ ተነሥታ በትሕትና «አንተ ከየት ነህ?» አለችኝ። ደነገጥሁ። ልጅቱ ባለጌ ሆና አልነበረም፤ የመማሪያ መጽሐፋቸው «አንተ»ን በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ «እርስዎ»ን በስድስተኛው ስላስቀመጠ ነው። ጀርመኖችም በቋንቋቸው አንተና እርስዎን ስለሚለዩ ያን ማስረዳት አልከበደኝም።

የከበደኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። «የገና በዓል ገና ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አንብቤ ሳበቃ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «ፊደሉ አንድ ሆኖ ሳለ ሁለቱን ቃላት ለየብቻ አነበብሃቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ በምን አወቅህ?» አለኝ። አሰብኩ፣ አሰብኩና «እንዲያው ይታወቃል» አልኩት። ከኋላ ተቀምጠው ያዳምጡ የነበሩት ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ተነሡና ስለ መጥበቅና መላላት፣ ፊደላችንም ይህን ለይቶ እንደማያሳይ፣ ሕግና ምሳሌ እየጠቀሱ ለሩብ ሰዓት ያህል አስረዱ። ሰውየው ሊያሳፍሩኝ አልፈለጉም። እኔ ግን አፈርኩ። የገዛ ቋንቋዬን ሰዋስው ባዕድ ሰው ካስረዳ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ? ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

መልሱን የፈለግሁት ከቤተ መጻሕፍት ነው። ለካስ በዚህ መንገድ ከእኔ በፊት ያለፉ ነበሩ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። የመካነ ሥላሴ ሰው ሲሆኑ፣ አፄ ፋሲል በ1632 ነግሠው ኢየሱሳውያንን ካባረሩ በኋላ አገራቸውን ለቀው በሮም ከነበሩት የሐበሻ መነኮሳት ጋር ተቀመጡ። በ1649 የኤርፉርቱ ተወላጅ ሂዮብ ሉዶልፍ እዚያ አገኛቸው። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጻሕፍት የተማረ ወጣት ነበር፤ ሆኖም ከዓይን የገባው ግዕዝ ከአፍ ሲወጣ ሌላ ሆኖ አገኘው። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርነስት አባ ጎርጎርዮስን ጋበዟቸው። የሠላሳው ዓመት ጦርነት ካበቃ ገና አራት ዓመቱ ነው፤ የመስፍኑ የፍሪደንሽታይን ግንብ ራሱ ተሠርቶ አላለቀም። ሁለቱ ሰዎች ለጥቂት ወራት አብረው ተቀምጠው ስለ ግዕዝና ስለ አማርኛ፣ ስለ ሕዝቡና ስለ አገሩ አንዱ እየጠየቀ ሌላው እየመለሰ ሠሩ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲጓዙ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱ በ1698 ታተሙ። የመጻሕፍቱ ደራሲ ሉዶልፍ ነው። ነገር ግን ውለታውን አልካደም፤ በ1691 ባሳተመው የታሪኩ ማብራሪያ የአባ ጎርጎርዮስን ሥዕል ጭምር አኖረ።

ሁለተኛው የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። በ1902 ኔፕልስ ከሚገኘው የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም ገብተው የፕሮፌሰር ጋሊና ረዳት ሆኑ። እርሳቸው ግን ለሌላ ሰው መጽሐፍ አፍ ሆነው ብቻ አልቀሩም። በ1905 የአማርኛ ሰዋስው በጣልያንኛ፣ በ1908 የመንገደኞች መምሪያ በፈረንሳይኛ አሳተሙ። በዚያው በ1908 ዛሬ «ጦቢያ» እያልን የምንጠራው «ልብ ወለድ ታሪክ» ሮም ላይ ታተመ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የተወለደው በአንድ የቋንቋ ረዳት መምህር እጅ ነው ማለት ነው። በኋላ በጣልያን ወረራ ዘመን ከፋሽስቶች ጎን ቆመው «አፈ ቄሣር» መባላቸው ግን የሚረሳ አይደለም። ለሰው አገር አፍ መሆን እስከምን ሊያደርስ እንደሚችል ሳስብ እርሳቸው ይመጡብኛል።

ሦስተኛው አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ናቸው። ከ1905 እስከ 1908 በርሊን በሚገኘው የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ኦይገን ሚትቮኽ የተባለውን ሊቅ ረዱ። አገራቸው ሲመለሱ በሃይማኖት ጉዳይ ተከሰው ታሰሩ። በ1924 አረፉ። ሚትቮኽ ስለ ባህላዊው የግዕዝ አነባበብ የጻፈው መጽሐፍ የታተመው በ1926 ነው። መሠረቱ የአለቃ ታዬ ንባብ ነበር። የቱ ጠብቆ የቱ ላልቶ እንደሚነበብ ብራናው አይናገርም፤ የሚናገረው ከመምህር ከንፈር የተማረ ከንፈር ነው።

ይህን ሳነብ የዚያ ቀን እፍረቴ መልኩን ቀየረ። ለካስ ፊደላችን ያላስቀመጠው ነገር ነው እኛን በየዘመኑ ባሕር ያሻገረን።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ፕሮፌሰሩ አንድ የቆየ ደብዳቤ ይዘው ቢሮዬ መጡ። «ልጁ ይመታል» ይላል። «ሕጉን አውቃለሁ፤ ከላላ መቺ ነው፣ ከጠበቀ ተመቺ ነው። ግን እዚህ ላይ የትኛው ነው?» አሉኝ። ደብዳቤውን ከመጀመሪያው ጀምሬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ጸሐፊዋ እናት ናት። ልጇ ያደረበት ቤት ሰዎች ክፉዎች መሆናቸውን ለወንድሟ ታስረዳለች፤ መጥተህ ውሰደው ትለዋለች። «ይጠብቃል» አልኳቸው። «ልጁ ተመቺው ነው።» ፕሮፌሰሩ ዝም ብለው ቆዩና «እኔ ልጁን ባለጌ አድርጌው ነበር» አሉ። ስሜን በጽሑፋቸው ግርጌ እንደሚያኖሩ ነገሩኝ። አመሰገንኩ፤ የአባ ጎርጎርዮስም ሥዕል ትዝ አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ደብተር ገዛሁ። ዋና፣ ገና፣ አለ፣ ይመታል እያልኩ ሲጠብቁና ሲላሉ ትርጉማቸው የሚለወጥ ቃላትን ከነምሳሌያቸው አሰፈርኩ። ተማሪ የጠየቀኝንና መመለስ ያቃተኝንም ጨመርኩ፤ ማታ ማታ መልሱን ስፈልግ ቋንቋዬን እንደ አዲስ ተማርኩ። «እንዲያው ይታወቃል» ማለትንም ተውኩ።

ውሌ ሲያልቅ ደብተሩን በእኔ እግር ለተተካችው ወጣት መምህርት ሰጠኋት። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን የጻፍኩት ስለ መጥበቅና መላላት አይደለም። «እኅቴ፣ እሑድ ሱቅ ዝግ ነውና ዳቦውን ቅዳሜ ግዢ» የሚል ነው።