ትራክተር መብራቱን ከየት አገኘ?



ከቤተሰቦቻችን መካከል በፓርዴስ፣ በችግኝ ጣቢያና በአትክልት እርሻ የሚሠሩ አሉ። እነዚህ ሰዎች በየቀኑ የሚያዩት፣ አንዳንዶቹም የሚነዱት አንድ ትንሽ ትራክተር አለ። ከዛፍ ቅርንጫፍ ሥር የሚያልፍ፣ በሁለት ረድፍ ዛፎች መካከል የሚገባ፣ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ያለው ነው። «ትራክቶሮን» ከሚባለው ጋር እንዳናምታታው፤ ትራክቶሮን ባለ አራት ጎማ ሞተር ብስክሌት ነው።

በዚህ እትም የምንጽፈው ስለ ትራክተሩ ሞተር ሳይሆን በላዩ ላይ ስለሚታሰሩት ነገሮች፣ ከእነሱም ይበልጡን ስለ መብራቱ ነው። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ትራክተር ከፋብሪካ ራቁቱን እየወጣ ረጅም ዘመን ኖሯል። መብራት ያገኘው ቀስ በቀስ ነው፤ ለሌላ ሰው እንዲታይ የሚያደርገውን ምልክት ያገኘው ደግሞ ብዙ ሰው በመንገድ ላይ ካለቀ በኋላ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በብዛት ተመርቶ በዓለም የተሰራጨው የመጀመሪያው ትራክተር፣ አሜሪካዊው ሄንሪ ፎርድ በ1917 ማምረት የጀመረው ፎርድሰን ነው። ዋጋው በ1922 እስከ 395 ዶላር ድረስ ወርዶ ስለ ነበር ድሃ የሚባለው ገበሬ ሳይቀር ሊገዛው ቻለ። ይሁን እንጂ ለዚህ ገንዘብ የሚሰጠው ሞተር፣ መሪ፣ መቀመጫና አራት የብረት ጎማዎች ብቻ ነበሩ። ባትሪ የለውም፤ ዲናሞ የለውም። ካንዴላው እሳት የሚያገኘው ከሞተሩ ጋር አብሮ ከሚዞር ማግኔት ሲሆን፣ ሞተሩ የሚነሳው ከፊት ለፊት በእጅ ማንቀሳቀሻ እየተዞረ ነው። ማረሻው በድንጋይ ወይም በሥር ሲያዝ ደግሞ ትራክተሩ እንደ ፈረስ በፊቱ ተነስቶ ነጂውን ከሥሩ አድርጎ ወደ ኋላ የመገልበጥ ክፉ ጠባይ ነበረው።

መብራት ያልነበረው ለምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱ ቀላል ነው፤ በሬም መብራት የለውም። ገበሬው ፀሐይ ስትወጣ ይወጣል፣ ስትጠልቅ ይገባል። ሥራ የበዛበት ገበሬ የላምባ ፋኖስ ወይም የካርባይድ መብራት ከብረቱ ላይ ያንጠለጥል ነበር። የካርባይድ መብራት ማለት በአንድ ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ ካርባይድ በሚባለው ድንጋይ መሰል ነገር ላይ ውኃ ጠብ ጠብ ሲል ጋዝ እየወጣ የሚነድ ነው። ኩራዝ አብርቶ ያደገ ሰው ሁኔታውን በቀላሉ ይገምተዋል። ትራክተሩ ሲንቀጠቀጥ ነበልባሉም ይንቀጠቀጣል፤ ነፋስ ሲመጣ ይጠፋል። ቢሆንም በዚያን ጊዜ ጨለማ የሚያስቸግረው ሥራውን እንጂ ሕይወትን አልነበረም። ጥርስ ያላቸው የብረት ጎማዎች መንገድ ስለሚያበላሹ ትራክተር ወደ አስፋልት እምብዛም አይወጣም ነበር።

ይህን የለወጠው ጎማ ነው። በ1932 አሊስ ቻልመርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በአየር የተሞላ የላስቲክ ጎማ በትራክተር ላይ ለሽያጭ አቀረበ። ገበሬዎች በመጀመሪያ አላመኑም፤ ለስላሳ ጎማ አፈር ይቧጥጣል ብሎ ማን ያምናል? ነገር ግን ላስቲኩ ነዳጅ ቆጠበ፣ ነጂውን ከመንገጫገጭ አሳረፈ፣ ከሁሉም በላይ ትራክተሩን መንገድ ላይ አወጣው። ከእርሻ ወደ እርሻ፣ ከእርሻ ወደ ገበያ በሰዓት 20 እና 30 ኪሎ ሜትር መሄድ ተቻለ። ትራክተር ከመኪና ጋር በአንድ መንገድ፣ በምሽት መገናኘት የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ መብራት ሁለት ሥራ ሆነለት ማለት ነው፤ አንዱ ለማየት፣ ሌላው ለመታየት። ፋብሪካዎቹ የመጀመሪያውን ቶሎ ሲረዱ፣ ሁለተኛውን ለመረዳት ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል።

በዚህ መካከል የአየርላንዱ ተወላጅ ሃሪ ፈርጉሰን ይመጣል። በሞሻቮችና በኪቡጾች ሽማግሌዎች ዘንድ ስሙ ዛሬም የታወቀ ነው። ፈርጉሰን ያስተዋለው፣ ማረሻ ከትራክተሩ በስተጀርባ በሰንሰለት እንደ ጋሪ መጎተት እንደሌለበት ነው። በሦስት ነጥብ ተያይዞ የትራክተሩ አካል መሆን አለበት አለ፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሰውም የዘይት ግፊት ነው። በጎንደር ያረሰ ሰው ይህን ከማንም ይልቅ ይረዳዋል። ገበሬያችን መሬቱ ሲጠነክር እርፉን ለቀቅ፣ ሲላላ ጫን እያደረገ የማረሻውን ጥልቀት በእጁ ይቆጣጠር ነበር። የፈርጉሰን ማሽን ይህንኑ የእጅ ሥራ ራሱ ይሠራዋል፤ ማረሻው ሲከብደው ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፣ ሲቀልለው ዝቅ። ማረሻ ቀጥቅጠው ለጎረቤት ገበሬ ይሰጡ የነበሩት አባቶቻችን ቢያዩት ብዙ ጥያቄ ይጠይቁ ነበር ብለን እናስባለን። ማያያዣው ፎርድሰንን ወደ ኋላ ይገለብጥ የነበረውን አደጋም ቀነሰ።

በ1938 ፈርጉሰንና ሄንሪ ፎርድ ያለ ጽሑፍ፣ በመጨባበጥ ብቻ ተዋዋሉ። በ1939 የወጣው ፎርድ 9ኤን የተባለው ትራክተር ባትሪ፣ ዲናሞና የኤሌክትሪክ ማስነሻ ነበረው። የፊት መብራቱ ግን አብሮ አይመጣም፤ የፈለገ ከፍሎ ያስገጥማል። ጦርነቱ ሲመጣ ይህም አልቀጠለም። መዳብና ላስቲክ ለጦር ሠራዊት ስለ ተፈለገ በ1942 የወጣው ተከታዩ 2ኤን ያለ ባትሪና ያለ ዲናሞ፣ በብረት ጎማ ይሸጥ ጀመር። ትራክተሩ ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰ ማለት ይቻላል። የመጨባበጡ ውልም መጨረሻው አላማረም። የፎርድ የልጅ ልጅ ውሉን ስላፈረሰ ፈርጉሰን በ1948 ከሰሰ፤ በ1952 በ9.25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ታረቁ።

ፈርጉሰን ግን እስከዚያ ድረስ ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። ከ1946 እስከ 1956 በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ቲኢ20 የተባለውን ግራጫ ትራክተር ከ500,000 በላይ አስመረተ። ይህ ትንሽ ትራክተር በራሱ ብዙ አይሠራም። ከእሱ ጋር ግን ማረሻው፣ መዝሪያው፣ ማጨጃው፣ ተጎታቹ፣ መጋዙ እየተመረጠ ለየብቻ ይሸጣል። መብራትም በዚሁ ዝርዝር ውስጥ እንደ ማንኛውም ተጨማሪ ዕቃ በዋጋው ተጽፎ ይገኝ ነበር። በምሽት ወደ ቤት መመለስ የማይቀርለት ሰው መብራቱን መግዛትና አለመግዛት በኪሱ ይወስን ነበር ማለት ነው። ይህ አሠራር ለእኛ የሚዋጥልን አይደለም።

ከትራክተሩ ጀርባ የሚወጣውና ማጨጃውን ወይም የመድኃኒት መርጫውን የሚያዞረው ዘንግም ከተጨማሪ ዕቃዎቹ ጋር አብሮ የመጣ ነው። የተለመደው ፍጥነቱ በደቂቃ 540 ዙር ሲሆን ይህም በአንዲት ሰከንድ ዘጠኝ ጊዜ መዞር ነው። ነጠላ፣ ሻርፕ ወይም የላላ እጅጌ ከያዘ ሰው እጁን ለመሳብ ጊዜ አያገኝም። ዘንጉን የሚሸፍነው ፕላስቲክ ተሰብሮ ከሆነ አሠሪው እስኪቀይረው ድረስ አጠገቡ አትቁሙ።

ወደ መብራቱ እንመለስ። የድሮዎቹ የፎርድ ትራክተሮች በ6 ቮልት ይሠሩ ነበር፤ ኋላ ግን 12 ቮልት የተለመደ ሆነ። ለምን እንደ ተለወጠ ማወቅ ለዛሬም ሥራ ይጠቅማል። ኤሌክትሪክን በቦይ ውስጥ እንደሚሄድ ውኃ አድርገን እንየው። ቮልቱ ውኃውን የሚገፋው ኃይል ነው፤ አምፔሩ የውኃው ብዛት፣ ሽቦው ደግሞ ቦዩ ነው። 55 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 4.6 አምፔር ያህል ሲወስድ፣ በ6 ቮልት ግን 9 አምፔር ይፈልጋል። ቦዩ ጠባብ ሆኖ ውኃው ሲበዛ ይሞላና ይፈሳል፤ ሽቦው ቀጭን ሆኖ አምፔሩ ሲበዛ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ከዚያ በኋላ ዙሪያው ዘይት፣ ነዳጅና ደረቅ ሣር ነው።

ይህ ችግር የባሰው በትንንሾቹ ትራክተሮች ነው። የጃፓኑ ኩቦታ በ1960 ለአገሩ እርሻ የሚሆን ትንሽ ትራክተር ሠራ፤ በ1969 ደግሞ ኤል200 የተባለውን 21 የፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተር ወደ አሜሪካ መላክ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የዚህ ዓይነት ትራክተር በፍራፍሬ እርሻ፣ በግሪን ሃውስና በከተማ መናፈሻ ሳይቀር ተስፋፋ። ለትንሽ ሥራ የታሰበ ስለ ነበር የብዙዎቹ ዲናሞ ከ20 አምፔር በታች ይሰጥ ነበር። ባለቤቶቹ ደግሞ ከመኪና የተለመደውን የሃሎጅን መብራት እየገዙ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ ይሰቅላሉ። አራት ጊዜ 4.6 ከ18 አምፔር በላይ ነው። ዲናሞው ያለውን ሁሉ ለመብራት ሲሰጥ ባትሪው አይሞላም፤ ጠዋት ሞተሩ አልነሳ ይላል፤ ሰውየውም ባትሪው ተበላሸ ብሎ አዲስ ይገዛል። ለባትሪ ሻጩ መልካም ዘመን ነበር።

መፍትሔው ከሌላ ወገን መጣ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጃፓን ውስጥ ደማቅ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ ተሠራ፤ ብዙም ሳይቆይ ከእሱ ነጭ ብርሃን ማውጣት ተቻለ። ለዚህ ሥራ ሦስት ሳይንቲስቶች፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ፣ በ2014 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ዛሬ 18 ዋት የሆነ የኤልኢዲ የሥራ መብራት 1.5 አምፔር ብቻ ይወስዳል፤ አራቱ ተደምረው 6 አምፔር ናቸው። የድሮው ትንሽ ዲናሞ ይህን ያለ ችግር ይችላል።

መብራቱ ቢቀልልም የማስገጠሙ ሕግ አልተለወጠም። ሽቦው ከባትሪው ሲወጣ በቅርብ ርቀት ፊውዝ ሊኖረው ይገባል፤ ፊውዝ የሌለው ሽቦ ጠባቂ የሌለው ቤት ነው። ጭነቱ የበዛ ከሆነ ማብሪያው በቀጥታ አምፔሩን እንዳይሸከም ሪሌ በመካከል ይገባል። ሽቦው ብረት የሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ላስቲክ ይደረጋል፤ አለበለዚያ በመንቀጥቀጡ ብዛት ይላጣል። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ከነጂው በስተጀርባ የቆመው የመከላከያ ቅስት፣ ትራክተሩ ቢገለበጥ ሰው እንዳይጨፈለቅ የተሠራ ነው። ስዊድን በ1959 በአዲስ ትራክተር ሁሉ ላይ እንዲኖር በሕግ አስገደደች፤ በመገልበጥ የሚሞተውም ሰው እየቀነሰ ሄደ። በዚህ ቅስት ላይ መብራት ለመስቀል ብሎ መብሳትም ሆነ መበየድ ብረቱን ያደክመዋል። መብራቱ በማቀፊያና በቡሎን ታስሮ ይሰቀል።

ለመታየት የሚሆነው ነገር የመጣው ከመብራት ፋብሪካ አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኬኔት ሃርክነስ የተባሉ መሐንዲስ መኪኖች ትራክተርን ከኋላ ለምን እንደሚመቱ መርምረው አንድ ሦስት ማዕዘን ምልክት አወጡ። መካከሉ ቀን የሚያበራ ብርቱካናማ፣ ዳሩ በሌሊት የመኪና መብራት ሲያርፍበት የሚያንጸባርቅ ቀይ ነው። ዛሬ ከዝግተኛ ተሽከርካሪዎች ጀርባ የምናየው እሱ ነው። ችግሩ የፍጥነት ልዩነት ነበር። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በሰዓት 25 የሚሄድ ትራክተርን ከ150 ሜትር ርቀት ቢያየው ከስምንት ሰከንድ በኋላ ይደርስበታል። ከፊቱ ያለው በ80 የሚሄድ መኪና ቢሆን ኖሮ ግን 54 ሰከንድ ይኖረው ነበር። አንዲት ቀይ የኋላ መብራት «ተሽከርካሪ አለ» ትላለች እንጂ «ዝግተኛ ነው» አትልም፤ ይህን የሚናገረው ሦስት ማዕዘኑ ነው። ጭቃ የለበሰ ከሆነ ግን ዝም ይላል፤ ከማሳ ሲወጣ በጨርቅ መጥረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ከኋላ የተሰቀለው ነጭ የሥራ መብራት ደግሞ መንገድ ላይ ሲወጣ መጥፋት አለበት። ከኋላ የሚመጣው ሹፌር ነጭ መብራት ሲያይ ወደ እሱ የሚመጣ መኪና ይመስለዋል፤ ከዚያም በላይ ዓይኑን ስለሚያጭበረብረው ሦስት ማዕዘኑን አያይም። ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ፤ ፍሬቻውም የሚሠራ ይሁን።

ወላጆች ይህን ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን። በእስራኤል የትራክተር መንጃ ፈቃድ ከ16 ዓመት ጀምሮ ይሰጣል፤ ስለዚህ ልጃችሁ የመኪና መሪ ሳይነካ በፊት ትራክተር ይዞ በማታ ከፓርዴስ ሊመለስ ይችላል። ማታ ሲመጣ የኋላ መብራቱ ይበራ እንደ ሆነ፣ ምልክቱም ንጹሕ እንደ ሆነ ጠይቁት። ትራክተርም እንደ መኪና ታርጋና ቴስት ያለው ስለ ሆነ፣ በላዩ ላይ መብራት ለመጨመር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ቴስት የሚያደርግለትን ሙሳኽ ወይም የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጠይቅ።

በአንዳንድ ሞሻቮች መጋዘን ውስጥ ያ አሮጌ ግራጫ ፈርጉሰን ዛሬም ይገኝ ይሆናል። በእሱ ላይ ኤልኢዲ ለመስቀል የሚያስብ ካለ አንድ ነገር ይወቅ። ከዛሬዎቹ ተሽከርካሪዎች በተቃራኒ በዚያ ትራክተር ላይ ከብረቱ አካል ጋር የተያያዘው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ነው። አምፖል ለዚህ ግድ የለውም፤ በየትኛውም በኩል ይበራል። ኤልኢዲ ግን ሽቦው ከተገለበጠ አይበራም፤ አንዳንዱም ይቃጠላል። ስለዚህ የመብራቱ ቀይ ሽቦ ከትራክተሩ አካል፣ ጥቁሩ ደግሞ ከማብሪያው ይያያዛል፤ የመብራቱ የራሱ የብረት ቤት ከጥቁሩ ሽቦ ጋር የተገናኘ ከሆነም ከትራክተሩ ብረት ጋር እንዳይነካካ በመካከሉ ላስቲክ ይደረጋል።