ብሩ በማን ስም ይምጣ?

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይባላል። ተረቱን የተረቱት ሰዎች ለውጭ አገር ደንበኛ ሠርቶ ክፍያ የሚጠብቅ የዘመናችን ወጣት አላጋጠማቸውም። የሱ ችግር እኮ ግልባጩ ነው። ገንዘቡ በሰማይ አለ፤ የጠፋው ወደ ምድር የሚያወርደው መንገድ ነው።

እስቲ እንዲህ እንበል። ባሕር ዳር የምትኖር አንዲት ወጣት ቶሮንቶ ላለ ድርጅት የመጽሐፍ ሽፋን ትሠራለች። ሥራዋን ጨርሳ ለመላክ አንድ ደቂቃ አይፈጅባትም። ደንበኛውም አይቶ «ግሩም ነው! ሦስት መቶ ዶላርሽን በምን ልላክልሽ?» ይላታል። ጣጣው የሚጀምረው ይኼኔ ነው። በባንክ? በስልክ? ዋሽንግተን ባለችው አክስቷ በኩል? ሥራው በመብረቅ ሄዶ ዋጋው በበቅሎ ይመጣል። አንዳንዴም በቅሎዋ መንገድ ላይ ትቀራለች።

«ያው የባንኮቻችን ኋላ ቀርነት ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ለእኔ ግን ነገሩ ከባንክ መስኮት ራቅ ካለ ቦታ የሚጀምር ይመስለኛል። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ገንዘብ ወደዚህ አገር እንዴት ይገባ እንደነበር፣ ማንንስ አምኖ ይገባ እንደነበር መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

ከስሙ እንጀምር። «ፍሪላንስ» የሚለውን ቃል በሰፊው ያስተዋወቀው ስኮትላንዳዊው ደራሲ ዋልተር ስኮት ነው፤ በ1819 ባሳተመው «አይቫንሆ» በተባለው ልብ ወለዱ። ላንስ ማለት ጦር ነው። ፍሪላንስ የተባለውም ለአንድ ጌታ ያልማለ፣ ጦሩን ይዞ ለከፈለው የሚዋጋ ወታደር ነበር። በእኛ ዘንድ ወታደር የሚያድረው ከጌታ ጋር ነው፤ ዋጋውም ማደሪያ መሬትና ቀለብ ነበር። ባላገሩ ባላገር፣ ነጋዴው ነጋዴ፣ አሽከሩም አሽከር ተብሎ ይታወቃል። ለማንም ሳያድር እጁ የሠራውን ለሩቅ ሰው የሚሸጥ ሠራተኛ ግን በየትኛው መዝገብ ይግባ? ይህን ጥያቄ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ወደ ገንዘቡ እንሂድ። አያት ቅድመ አያቶቻችን «ጠገራ ብር» የሚሉት የማርያ ቴሬዛ ብር የውጭ ምንዛሪ ነበር። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 ነው። ብሩ ግን ከዚያ በኋላም ያንኑ 1780 የሚል ዓመት እንደያዘ ሲታተም ኖረ። በምፅዋና በዘይላ በኩል ገብቶ ለቡናው፣ ለቆዳውና ለዝሆን ጥርሱ ዋጋ ሆነ። የአንዱ ክብደት 28 ግራም ገደማ ነው። እንግዲህ አንድ ሺህ ብር ተከፈለኝ ያለ ነጋዴ 28 ኪሎ ብረት ተሸክሞ አገር ማቋረጥ ነበረበት ማለት ነው። ሽፍታው፣ ኬላው፣ የሞላ ወንዙ ሳይቆጠር።

ታዲያ ገበሬው አይቷት የማያውቃትን የሩቅ አገር ንግሥት እንዴት አመናት? አላመናትም። ያመነው ዓይኑን ነው። ብሩን ያገላብጣል፤ በትከሻዋ ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ሉሎች ይቆጥራል፤ የተፋቀ፣ ያለቀ ወይም መልኩ ያላማረው ከሆነ «ይኼን መልስ!» ብሎ ይገፋዋል። እምነቱ ያለው በብሩ ገላ ላይ ነበር። ብሩ ማን እንደላከው፣ ለማን እንደተላከ አይናገርም። የያዘው ሰው ጌታው ነው።

ብር መሸከም የከበደው ነጋዴ ደግሞ ሌላ ዘዴ ነበረው፤ ሐዋላ። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ማዛወር ማለት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። እዚያ ማዶ ላለው ሰው ገንዘብ ትሰጠዋለህ፤ እሱ እዚህ ላለው ባልደረባው መልእክት ይልካል፤ ባልደረባው ከራሱ ካዝና አውጥቶ ለሰውህ ይከፍላል። ሁለቱ በኋላ በዕቃም በገንዘብም ይተሳሰባሉ። ልብ በሉ፣ ብሩ አልተሻገረም። የተሻገረው ቃል ነው። እምነቱም ከብረቱ ገላ ወጥቶ ወደ ሰው አፍ ገባ። የሚገርመው፣ አማርኛችን በባንክና በፖስታ ቤት የሚመጣውን ሕጋዊውንም፣ በጓሮ የሚመጣውንም በአንድ ቃል ሐዋላ ነው የሚለው። ቋንቋው ሁለቱም ወንድማማቾች መሆናቸውን አልረሳም።

ሦስተኛው ዘመን የባንክ ነው። በ1905 ዳግማዊ ምኒልክ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር ተዋውለው የአቢሲኒያ ባንክ ተቋቋመ፤ በ1906 በሩን ከፈተ። ቅርንጫፎቹ የት እንደተከፈቱ ማየት ብዙ ይናገራል። ሐረር፣ ድሬዳዋ፣ ጎሬ፣ ደምቢዶሎ፤ በጋምቤላም ወኪል ነበረው። የቡና መንገድ ማለት ነው። ባንኩ የተቀመጠው ዕቃ ወደ ውጭ በሚወጣበት በር ላይ ነበር። በ1931 የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ታወጀና ማርያ ቴሬዛ ከሥልጣኗ ወረደች። እምነት ከሰው አፍ ወጥቶ ወደ መንግሥት ማኅተም ገባ።

መንግሥት ደግሞ ማኅተም ብቻ ሳይሆን ተመንም አለው። ከ1973 እስከ 1992 አንድ የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ07 ሳንቲም ነበር። ንጉሡ ወርደው፣ ደርግ መጥቶ፣ ደርግም ሄዶ፣ ተመኑ ንቅንቅ አላለም። በ1992 መጨረሻ አካባቢ ነው 5 ብር የገባው። የባንክ ተመንና የገበያ ዋጋ ሲራራቁ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ሰው በባንኩ አጠገብ ያልፍና ጓሮውን ያንኳኳል። በ2023 የጓሮው ዶላር የባንኩን እጥፍ ገደማ ያወጣ ነበር። ዶላሯን በባንክ ያስመጣች ሠራተኛ ከላቧ ዋጋ እኩሌታውን የተቀማች ቢመስላት ማን ይፈርድባታል?

አሁን ያቆየሁትን ጥያቄ ላንሳው። ይህ ሁሉ ሥርዓት የተበጀው ለማን ነው? ሁለት ሰዎችን በደንብ ያውቃል። አንደኛው ላኪው ነው፤ ቡና ወይም ሰሊጥ ጭኖ፣ ፈቃድ አውጥቶ፣ ባንክ ያጸደቀለት ሰነድ ይዞ የሚመጣው። ሁለተኛዋ እናት ናት፤ ልጇ ከውጭ የላከላትን ለመቀበል መታወቂያዋን ይዛ የምትሰለፈው። ዌስተርን ዩኒየን ገንዘብ በቴሌግራፍ ማስተላለፍ የጀመረው በ1871 ነው። እኛ ዘንድ ሲገባ የተለመደው ለዘመድ ዕርዳታ ነበር። ለላኪው የዕቃ መዝገብ አለ፤ ለእናትየው የስጦታ መዝገብ አለ። የባሕር ዳሯ ወጣት ግን ጆንያ አልጫነችም፤ ስጦታም አልተቀበለችም። ሠርታ ነው!

ስለዚህ ምን ታደርጋለች? ከሁለቱ አንዱን ትመስላለች። ላኪ እንዳትሆን ለሦስት መቶ ዶላር ንግድ ፈቃድና ግብር መዝገብ ማሟላት ይከብዳታል። የቀራት ስጦታ ተቀባይ መሆን ነው። መስኮቱ ላይ «ላኪው ምንሽ ነው?» ስትባል «ዘመዴ» ትላለች። የቶሮንቶው ደንበኛ በአንድ ፊርማ አጎት ሆኖ ያርፋል። ወይም ዋሽንግተን ያለችው አክስት የባንክ ቁጥሯን ታበድራታለች፤ ገንዘቡ እዚያ ይገባና በሐዋላ ይመጣል።

የኢንተርኔት ዘመን ይህን ያቀልለዋል ተብሎ ነበር። ኢላንስ በ1999፣ ኦዴስክ በ2003 ሥራና ሠራተኛን ያገናኙ ጀመር፤ ኋላ ተዋሕደው በ2015 አፕወርክ ተባሉ። በ1998 የተመሠረተው ፔይፓል ግን ለብዙ ዓመታት ለኢትዮጵያዊ ተቀባይ በሩን እንደዘጋ ቆየ። ጎረቤታችን ኬንያ በ2007 ኤምፔሳን ጀምራ፣ በ2018 የፔይፓል ገንዘብ በቀጥታ ወደ ስልክ እንዲወርድ አደረገች። እኛ ያን ጊዜ አክስት ፍለጋ ላይ ነበርን። በባንክ በኩል የሚመጣውም በ1977 ሥራ በጀመረው ስዊፍት ነው። ስዊፍትም ብር አያጓጉዝም፤ እንደ ጥንቱ ሐዋላ መልእክት ነው የሚያደርሰው። ገንዘቡ በመሐል ባሉ ወኪል ባንኮች ሲያልፍ እያንዳንዱ ይቆነጥራል። የኬላ ቀረጥ ስሙን ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

«ታዲያ ገንዘቡ ከደረሰ በማን ስም ቢመጣ ምን ቸገራት?» የሚል አይጠፋም። ይቸግራታል እንጂ! ለአምስት ዓመት ሠርታ ሠራተኛ መሆኗን የሚናገር አንዲት ወረቀት የላትም። ባንክ ብድር ስትጠይቅ «ገቢሽ ምንድነው?» ትባላለች፤ ኤምባሲ ስትሄድም እንደዚያው። በመዝገብ ላይ የምትታየው በዘመድ የምትጦር ሥራ ፈት ሆና ነው። አክስቲቱም ብትሆን በስሟ የገባውን ገንዘብ የዚያ አገር ግብር ሰብሳቢ «ይኼ የማን ገቢ ነው?» ሊላት ይችላል። አንድ ወር ክፍያው ሲዘገይ ደግሞ ጥርጣሬ ይገባል። ስንት ዝምድና በዚህ ዓይነት ሒሳብ ቀዝቅዟል! አገርም የሚጎድልባት አለ፤ ወጣቶቿ ለውጭ ስንት ሥራ እንደሸጡ ማወቅ ያቅታታል። የሸጡት ሥራ ሁሉ «ዘመድ የላከው» ተብሎ ተጽፏልና።

በ2004 ብሔራዊ ባንክ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን እዚህ አገር በውጭ ገንዘብ ሒሳብ እንዲከፍቱ ፈቀደ። መልካም ነው። ግን አስቡት፤ እዚያ የሚኖረው በዶላር ሲቆጥብ፣ እዚህ ተቀምጣ ዶላር የምታስገባዋ እንደ ላኪ ካልተመዘገበች በቀር በብር ብቻ ተወስና ሃያ ዓመት ጠበቀች። በሐምሌ 2024 ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያው ወር የወጣው መመሪያ አገር ውስጥ የሚኖር ሰውም ከውጭ በሚያገኘው ሐዋላ ወይም ደመወዝ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍት ፈቀደ። ብዙም ያልተጮኸለት ይህ አንቀጽ፣ በእኔ እምነት፣ ለዚች ልጅ ከተመኑ ለውጥ ይበልጥባታል። ተመን ይወጣል ይወርዳል፤ ስም ግን ከተጻፈ ይኖራል።

መመሪያ መኖሩና መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ መመሪያውን ማወቁ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አልስተውም። ቢሆንም ሠራተኛዋ ከራሷ የምትጀምረው ነገር አለ። ለሦስት መቶ ዶላርም ቢሆን አጭር ውል ትጻፍ። የማስተላለፊያውን ዋጋ ማን እንደሚሸከም ውሉ ላይ ይግባ። ሒሳቡን በራሷ ስም፣ በመታወቂያዋ ላይ ባለው ፊደል ትክፈት። «ከማን ነው?» ስትባል «ከደንበኛዬ» ትበል፤ «ለምን?» ሲሏት «ለሠራሁት ሥራ» ትበል። ባንኩ ደግሞ ይህን መልስ የሚጽፍበት መስመር ቅጹ ላይ ያዘጋጅላት።

ለጠገራ ብር ስም አያስፈልገውም ነበር፤ እምነቱ በብረቱ ላይ ነበረና። የዛሬው ገንዘብ ግን ብረት የለውም። ስምና ቁጥር ብቻ ነው። ስሙን ለሌላ የሰጠ ሰው ገንዘቡ እጁ ቢገባ እንኳ ሥራው የሱ መሆኑን በምን ያስረዳል?