የሚያብለጨልጨው ሴባስቶፖል

አንድ ወዳጄ ክንድ የማታክል ሴባስቶፖል ከእንጨት ሠርቶ፣ ቀብቶ አሳየኝ። ቫርኒሽ ስለደረበባት እንደ መስተዋት ታብለጨልጫለች። «እንዴት ናት?» አለኝ። «ታምራለች፤ ግን የልጆች መጫወቻ መሰለች» አልኩት።

ቫርኒሽ ክፉ አይደለም። ቀለምን ከመፋቅና ከእርጥበት ይጠብቃል። ሞዴል ሠሪዎችም ምልክትና ጽሑፍ የሚለጥፉት በሱ ላይ ነው፤ ልስልስ ስለሚል ተለጣፊው ደህና ይይዝለታል። ሲጨርሱ ግን የማያብለጨልጭ ይደርቡበታል። ደግሞም ሳይጠርጉ የቀቡት ቫርኒሽ አቧራውንም አብሮ ያሽጋል።

እኛስ ታሪክን የምንቀባው እንዲሁ አይደል? ሴባስቶፖል በ1859 ዓ.ም. ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ተሠራ። ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ ነው። ከሠሪዎቹ መካከል እንደ ዋልድማየር ያሉት የመጡት መድፍ ሊያቀልጡ ሳይሆን ወንጌል ሊሰብኩ ነበር። በ1860 መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገድ እየተቆረጠ፣ መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ጉዞው ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ። ንጉሡም ሚያዝያ 6 ቀን አለፉ።

ስናወራው ግን «መድፍ አሠሩ!» ብለን እናብለጨልጨዋለን። የተቃጠለችው ከተማና ገመድ የጎተተው ትከሻ ከሥር ታሽገው ይቀራሉ።

አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ምስሉ ቆሟል፤ ዋናው መቅደላ ላይ ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቁበታል። ወዳጄም የብርጭቆ ወረቀት አንሥቶ ማሸት ጀመረ። እኛም እንቀባ፤ ግን መጀመሪያ እንጥረግ።